«እናቴ ሐይቅ በሄደችበት ደፉን ላስፈርሰው?»

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የምጽፍልዎት ከደሴ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር ካለ ሠፈር ነው። ዕድሜዬ 39 ሲሆን አስተማሪ ነኝ። የምኖረው ከእናቴ ጋር ነው። እሷ 73 ዓመቷ ነው። ምርኩዝ ይዛ ብትሄድም የቤቱን ነገር ሁሉ ዛሬም የምታዘው እሷ ናት።

ቤታችን የጭቃ ቤት ነው። ግድግዳው በሲሚንቶ ተለስኗል፣ ወለሉ ሊሾ ነው፣ የሳሎኑ በርና መቃኑ የእንጨት ናቸው። ችግሬ የበሩ ደፍ ነው። በሲሚንቶ የተሠራ ሆኖ ከግቢው ስለካው 18 ሳንቲ ሜትር፣ ከቤቱ ወለል ስለካው ደግሞ 12 ሳንቲ ሜትር ከፍታ አለው። ወደ ቤት ለመግባት መጀመሪያ መውጣት፣ ከዚያ መውረድ ያስፈልጋል ማለት ነው። የሠራው አባቴ ነው፣ አላህ ይዘንለት። እኔ በተወለድኩበት ክረምት፣ እናቴ አራስ ሆና ተኝታ ሳለ፣ ከላይ የወረደ ጎርፍ ሌሊት ቤት ገብቶ እስከ መደቡ ደርሶ ነበር። ሲነጋ አባቴ ሲሚንቶ ተሸክሞ መጣና ደፉን በገዛ እጁ ሠራው። ከዚያ ወዲህ ውሃ ገብቶብን አያውቅም።

አምና በኅዳር እናቴ ረከቦቱን ይዛ ስትሻገር እግሯን ደፉ ይዞት ወደቀች። ለእኔ አልነገረችኝም፤ ጉልበቷ ላይ ያለውን ቁስል ያየሁት ከሳምንት በኋላ ነው። ዘንድሮ መጋቢት ላይ ደግሞ የበልጉ ዝናብ ሲጥል ባደረበት ሌሊት፣ ለሱብሂ ሰላት ውዱእ ልታደርግ ስትወጣ መብራት አልነበረም። እንደገና ወደቀች። በእጇ ልትደገፍ ስትል የእጇ አንጓ ተሰብሮ በጀሶ ታሰረ። ጀሶው አሁን ተፈትቷል፤ እሷ ግን ከቤት መውጣት ቀንሳለች። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ጎረቤታችንም ቡና ስንጠራቸው «እዚሁ በረንዳው ላይ ስጡኝ» ማለት ከጀመሩ ቆይተዋል።

ወንድሜ የሚሠራው ጅዳ ነው። «ገንዘብ እልካለሁ፤ ዛሬ ነገ ሳትዪ አስፈርሺው፤ ካልሆነ ኮምቦልቻ እኔ ቤት ትግባ» ይለኛል። እናቴን ስጠይቃት «እኔ ስሞት ታፈርሱታላችሁ» ብላ ዝም ትላለች። በግንቦት መጨረሻ ለእህቷ ልጅ ሠርግ ሐይቅ ሄዳ አንድ ሳምንት ትቆያለች። ግንበኛ አነጋግሬያለሁ፤ በሦስት ቀን እጨርሳለሁ ብሎኛል። እሷ በሌለችበት ባስፈርሰው ያጠፋሁ ይሆን? ብተወውና ሦስተኛ ብትወድቅስ?

ሐ. ከደሴ

መልስ

እህቴ፣ አብሽሪ።

እናትሽ ሳያውቁ ደፉን አታስፈርሺው። ግንበኛው ቀጠሮ ይዞ እየጠበቀሽ ስለሆነ ይህን አስቀድሜ ልንገርሽ። ደፉ እንዳለ ይቆይ ማለቴ ግን አይደለም። ሁለት ጊዜ ጥሏቸዋል፤ አንዴ አጥንት ሰብሯል፤ መውረድ አለበት። የሚወርደው ግን እናትሽ አውቀውትና አዝዘውበት ነው።

ይህን የምልሽ ለይሉኝታ ብቻ ብዬ አይደለም። እናትሽ ያንን ደፍ 39 ዓመት ተሻግረውታል። ሰው የለመደውን ደረጃ ሲሻገር አያስብም፤ እግሩ ራሱ ከፍታውን ለክቶ ይነሳል። ደረጃ አለ ብለን የረገጥንበት ቦታ ሜዳ ሆኖ ሲገኝ እንዴት እንደምንንገዳገድ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ወጣት ሆነንም እንኳ ልባችን ይደነግጣል። አሁን እናትሽን አስቢያቸው። ከሠርግ ደክመው፣ ምናልባት ከመሸ ገቡ። እግራቸው የሌለውን ደፍ ሊሻገር ይነሳል፤ ሲያርፍ ያልጠበቀው መሬት ላይ ነው። ከውድቀት ልታድኚያቸው ብለሽ የሠራሽው ሥራ ራሱ ሊጥላቸው ይችላል።

ሁለተኛው ምክንያቴ አንቺው ከጻፍሽልኝ የተወሰደ ነው። የኅዳሩን ውድቀት ደብቀውሽ ነበር። ለምን ይመስልሻል? እኔ ከሩቅ ሆኜ እንደምገምተው፣ ቢነግሩሽ ልጆቻቸው ተሰብስበው ስለ እርሳቸው ያለ እርሳቸው እንደሚወስኑ ፈርተው ነው። በሌሉበት ካስፈረስሽው ፍርሃታቸው ልክ ሆነ ማለት ነው። ያን ጊዜ ሦስተኛውን ውድቀት ጨርሶ አይነግሩሽም። አንድ ዘመዴን አስታወስሽኝ። ልጆቿ ሊያስደስቷት ብለው፣ እሷ ለጸበል በሄደችበት፣ በረንዳዋን በሚያብለጨልጭ ሴራሚክ አስነጠፉላት። ስትመለስ መረቀቻቸው። ከዚያ በኋላ ግን ወራት ሙሉ በጓሮ በር፣ በጭሱ ቤት በኩል ነበር የምትገባና የምትወጣው። እንዳትንሸራተት ፈርታ እንደነበር የነገረችን በጣም ዘግይታ ነው። ልጆቿ ይወዷታል፤ አንድ ጊዜ እንኳ ጠይቀዋት ቢሆን ኖሮ።

እስኪ ስለ ደፉ እናውራ። አባትሽ ያንን ሲሚንቶ ያፈሰሱት ለአንዲት አራስና ለአንዲት ጨቅላ ነው፤ ለእናትሽና ላንቺ። እናትሽ «እኔ ስሞት ታፈርሱታላችሁ» ሲሉ እኔ ግትርነት አይሰማኝም። ባላቸው በዚያ ጠዋት ያደረጉላቸውን እያስታወሱ ይመስለኛል። ደግሞም ሥራውን ሠርቷል፤ ውሃ ገብቶባችሁ አያውቅም። ስለዚህ «አሮጌ ነገር ነው፣ ይፍረስ» የሚል ሰው በሁለት በኩል ይሳሳታል፤ ፍቅሩንም ውሃውንም ይዘነጋል። ክረምት ሲገባ ያ ጎርፍ ተመልሶ ቢመጣ ግንበኛው የለም፣ ወንድምሽ ጅዳ ነው፤ በሩ ላይ የምትቆሙት እናትሽና አንቺ ናችሁ።

ስለዚህ የእኔ ምክር ይህ ነው፦ ደፉ ሲሠራው የኖረውን ሥራ መጀመሪያ ለሌላ ነገር ስጪ፤ ደፉ የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው።

ከእናትሽ ጋር እንዴት ትጀምሪዋለሽ? ቡና በተፈላበት ጊዜ፣ ሦስተኛው በረካ ሲቀዳ፣ ወሬው ሁሉ ረጋ ሲል ቢሆን እመርጣለሁ። ስለ መውደቅ አታንሺ። ስለ ጎረቤታችሁ ጉልበት አንሺ። «እሳቸው እኮ ቤት ገብተው ከእኛ ጋር ቡና ከጠጡ ስንት ጊዜ ሆናቸው?» ብለሽ ጠይቂና ዝም በዪ። የወሎ እናት እንግዳ ከደጃፍ ሲመለስ ዝም ብላ አታይም። ከዚያ «እንዴት ነው የምትሻገሪው? የትኛውን እግር ታስቀድሚያለሽ? እጅሽ ምን ይይዛል?» ብለሽ ይህን በር በትክክል ለሚያውቅ ሰው የሚቀርበውን ጥያቄ አቅርቢላቸው። ተነስተው ያሳዩሽ። በመውጣት ነው በመውረድ የሚከብዳቸው? መቃኑን ይይዛሉ ወይስ ምርኩዙን ብቻ ነው የሚተማመኑት? የሚነግሩሽ ነገር ከእኔም ከግንበኛውም ምክር ይበልጣል። ደግሞ ይህን ጠይቂያቸው፦ «አባባ ዛሬ ቢኖር፣ አንቺ እንደዚህ ስትቸገሪ ቢያይ ምን ይሠራ ነበር?» መልሱን አንቺ አትመልሺላቸው።

በአንድ ቀን እሺ ላይሉ ይችላሉ። ይሁን። ከዛሬ ጀምሮ ግን ማንንም ሳታስፈቅጂ የምታደርጊያቸው ነገሮች አሉ። እንደ አብዛኛው ቤታችን ከሆነ ደፉ ሥር ጆንያ ወይም የእግር መጥረጊያ ተነጥፏል፤ አንሺው፤ ታጥፎ እግር የሚይዘው እሱ ነው። ጫማ ከበሩ ፊት አይከማች፤ በግድግዳው ጥግ መደርደሪያ ብታበጂለት በቂ ነው። የደፉን ጠርዝ ከላይና በሁለቱም ጎኖቹ አራት ጣት በሚያህል ስፋት በነጭ ወይም በቢጫ ቀለም ቅቢው። ግራጫ ሲሚንቶ በግራጫ ሊሾ ላይ ለአረጋዊ ዓይን አይለይም። ከጠራራ ፀሐይ ወደ ጨለም ያለ ሳሎን ሲገቡ ዓይናቸው እስኪለምድ እንደኛ ፈጣን አይደለም፤ እግር የሚነሳው ደግሞ በዚያች ቅጽበት ነው። በሩ አጠገብ መብራት ሲጠፋም የሚበራ በባትሪ ወይም በፀሐይ ኃይል የሚሠራ መብራት ስቀዪ። ሌሊት ወደ ውጭ መውጣት እንዳያስፈልጋቸው ፖፖ መኝታ ቤት ይግባ። ውዱኡን ደግሞ በሩ ላይ ሳይሆን ቤት ውስጥ፣ ደህና ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ከማንቆርቆሪያው ወደ ሳፋ እንዲያደርጉ አመቻቺላቸው። እርጥብ ሊሾ ከደፉ የማይተናነስ ጠላት ነው። ለሠርግና ለበዓል ቄጤማ ሲጎዘጎዝም በሩ አካባቢ ይቅር፤ ሳሎኑ ይበቃዋል። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ለመወጣጫ ብላችሁ የሚነቃነቅ ድንጋይ ወይም ሳጥን ደፉ ሥር አታስቀምጡ። ከደፉ የከፋ ነው።

አሁን ወደ ውሃው። ውሃን በር ላይ ቆሞ መመለስ ከባድ ነው፤ ከላይ መቀበል ይሻላል። ከቤታችሁ በላይ በኩል ባለው አጥር ሥር፣ ጎርፉ ከሚገባበት፣ ቦይ ይቆፈርና ውሃውን በቤቱ ጎን አዙሮ ወደ መንገዱ ቦይ ይውሰደው። ሥራውን በግንቦት ጀምሩ። የበልጉ ዝናብ እየቀለለ ስለሆነ አፈሩ ለመቆፈር አይከብድም፤ ክረምቱም ገና አልጠናም። ከላይ ያለው ጎረቤት የጣሪያ ውሃውን ወደ እናንተ የሚለቅ ከሆነ በሠፈሩ ሽማግሌ በኩል ቀድሞ ማነጋገሩ ይሻላል። ቦዩ ሰው የሚሄድበትን መንገድ ካቋረጠ በብረት ፍርግርግ ይሸፈን። የፍርግርጉ ክፍተት ከ1.3 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ፣ ረጃጅሞቹ ክፍተቶች ደግሞ ለሚሄደው ሰው አግድም ይሁኑ፤ አለበለዚያ የምርኩዝ ጫፍ ወይም የተሽከርካሪ ወንበር ጎማ ይገባበታል። ከዚህ ጋር በበሩ ላይ አንድ ሜትር ያህል የሚወጣ ታዛ በቆርቆሮ ብታሠሪ ደጃፉ ራሱ ደረቅ ይሆናል።

ቦዩ ሲያልቅ ፈትኑት። ዝናብ ከመጣ መልካም፤ ካልመጣ ባለ 20 ሊትር ጀሪካኖች ሞልታችሁ ከላይ አጥሩ ሥር አፍስሱና ውሃው ወዴት እንደሚሄድ አብራችሁ ተመልከቱ። እናትሽ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ይዩት። ያንን ሌሊት ያዩ ዓይኖች ውሃው ደፉ ጋ ሳይደርስ ሲዞር ሲያዩ፣ አንቺ በቃል ልታስረጂያቸው የማትችዪው ነገር ይገባቸዋል። ውሃው ካልዞረ ደግሞ ደፉ አይነካ፤ ቦዩ ይስተካከል።

የላክሽልኝን ልኬት ወረቀት ላይ አስቀምጬው ደስ አለኝ። ደፉ ከግቢው 18፣ ከወለሉ 12 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ ወለላችሁ ከግቢው የሚበልጠው በ6 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። እናትሽ በየቀኑ 18 ሳንቲ ሜትር እግራቸውን አንስተው 12 የሚወርዱት ለዚህ ለ6 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ነው። ግንበኞች ራምፕ የሚሉትን ተዳፋት መወጣጫ ለመሥራት በብዙ አገር የሚያዝ ልክ አለ፦ ለእያንዳንዱ 1 ሳንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሳንቲ ሜትር ርዝመት። ለናንተ 72 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ቦታ ካላችሁ ለ1 ሳንቲ ሜትር 20 አድርጉትና 120 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ በዝናብ ቀን ልዩነቱ ይታወቃል። ደፉ ሳይነሳ በላዩ ላይ ራምፕ እንሥራ ብትሉ ግን ለ18 ሳንቲ ሜትር ከሁለት ሜትር በላይ ይፈልጋል፤ በውስጥ በኩል ያለው 12 ሳንቲ ሜትር ደግሞ አሁንም ይቀራል። ግንበኛው «በአጭሩ አወጣዋለሁ» ካለሽ እምቢ በዪው። አጭርና ቀጥ ያለ ራምፕ በምርኩዝ ለሚሄድ ሰው ከደረጃ ይብሳል።

በሩ ፊት ለፊት እናትሽ ቆመው ቁልፍ የሚያዞሩበት ጠፍጣፋ ቦታ ይኑር፤ ርዝመቱም ስፋቱም አንድ ሜትር ተኩል ቢሆን ተሽከርካሪ ወንበርም ይዞርበታል። ተዳፋቱ የሚጀምረው ከዚያ ነው። የታችኛው ጫፉ እንደ ቢላዋ ሳስቶ እንዲያልቅ አታድርጉት፤ ስስ ሲሚንቶ በስድስት ወር ተሸራርፎ አዲስ እንቅፋት ይሆናል። ጫፉ የሚያርፍበትን መሬት ትንሽ ቆፍራችሁ ውፍረቱን እንደያዘ ከግቢው ጋር እኩል ይሁን። ድብልቁ አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት እጅ አሸዋ፣ ሦስት እጅ ጠጠር ይበቃዋል። ላዩን ሊሾ እንዳያደርገው አደራ በዪው፤ እንዲያምር ብሎ ማለስለሱ አይቀርም። ገና እርጥብ ሳለ በመጥረጊያ አግድም ይጫርበት፣ እግር እንዲይዝ። በሁለቱም ጎን አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያለ ከንፈር ይኑረው፣ ምርኩዙ ወደ ጎን እንዳይሾልክ።

ስለ ደፉ አቆራረጥ አናጢው ከግንበኛው ጋር ይምጣ። በጭቃ ቤት የመቃኑ እግሮች ብዙ ጊዜ የሚቆሙት በዚያው ሲሚንቶ ውስጥ ነው፤ እነሱን የሚያያይዝ እንጨት ከሥር ተቀብሮም ሊሆን ይችላል። ዙሪያውን በመዶሻ ከደበደቡት መቃኑ ይላላና በሩ አይገጥምም፤ ግድግዳውም ሊሰነጠቅ ይችላል። ስለዚህ በሁለቱ እግሮች አጠገብ ያለው ሲሚንቶ ይቅር፤ መሐሉ ብቻ በመቁረጫ ዲስክ ተቆርጦ ይውጣ። ደፉ ሲወርድ ከበሩ ሥር 12 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ይፈጠራል። አናጢው በሩን በጣውላ ያስረዝመው፤ ጫፉ ላይ ነፋስና ውሃ የሚከለክል የጎማ ቁራጭ ይመታበት። ለጥንቃቄ ትንሽ ከፍታ ይቅር ካላችሁ ከ1.3 ሳንቲ ሜትር አይለፍ፣ ጠርዙም በሁለቱም በኩል ተዳፋት ይሁን። ሁለትና ሦስት ሳንቲ ሜትር የሚሆን ነገር አታስቀሩ፤ ለዓይን አይታይም፣ እግር ለሚጎትት ሰው ግን ይበቃል። በዚያው በሩ ሲከፈት ለመግቢያ የሚተርፈውን ስፋት ለኪው። ከ80 ሳንቲ ሜትር የሚያንስ ከሆነ አንድ ቀን ተሽከርካሪ ወንበር ቢያስፈልግ ይጠባል፤ ያንን ማስፋት ሌላ ጊዜ የሚታሰብ ነው።

ተቆርጦ የሚወጣውን ቁራጭ አይጣሉት። አባትሽ የሠሩት ነው። እናትሽ ይወስኑ። በረንዳው ጥግ የመቀመጫ መደብ ሆኖ ሊገነባ ይችላል፤ ጎረቤታችሁ ጫማቸውን ለማውለቅ አረፍ የሚሉበት። ወይም እርሳቸው ሌላ ሐሳብ ይኖራቸዋል።

መደገፊያም ያስፈልጋል፤ ለእኔ ከራምፑ እኩል ነው። የጭቃ ግድግዳ ብሎን አጥብቆ አይይዝም፤ ሰው ሲደገፈው ተነቅሎ ይመጣል። ስለዚህ የብረት ቱቦው መሬት ውስጥ በሲሚንቶ በተተከሉ ቋሚዎች ላይ ይበየድ። ቱቦው በመዳፍ ተጨብጦ የሚያዝ፣ ከአራት ሳንቲ ሜትር ብዙ የማይርቅ ውፍረት ይኑረው። ቁመቱን መጽሐፍ 90 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይለዋል፤ አንቺ ግን እናትሽን ጫማቸውን እንዳደረጉ አቁሚያቸው፣ እጃቸውን ዘና አድርገው ይልቀቁት፣ አንጓቸው ያለበትን ቦታ ምልክት አድርጊ፤ ከዚያ «ይህ ይመችሻል? ዝቅ ይበል?» ብለሽ እርሳቸው ያስተካክሉት። ምርኩዙን በቀኝ የሚይዙ ከሆነ በግራ በኩል ይሁን። ከቻላችሁ በሁለቱም በኩል፤ ሲገቡ ግራ የነበረው ሲወጡ ቀኝ ይሆናልና።

የሐይቁ ሳምንት የሚጠቅምሽ እዚህ ላይ ነው። እናትሽ ከተስማሙ፣ ደፉ የሚነሳው ሳይሄዱ፣ እርሳቸው ባሉበት ይሁን። ቢስሚላህ ብለው እርሳቸው ያስጀምሩት፤ ለአባትሽ ዱዓ ይደረግ። ሲሚንቶው ደግሞ እርሳቸው ሠርግ ላይ ሳሉ ይጠንክር። ሰባት ቀን ጠዋትና ማታ ውሃ አጠጪው፤ አንቺም በጓሮ በር ውጪ ግቢ። ሲመለሱ በቀን እንዲደርሱ ከሐይቅ በጠዋት ይነሱ።

በሩ ሁሉንም ጥፋት አይሸከምም። እናትሽ ከተቀመጡበት ሲነሱ ያዞራቸዋል? የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ? ዓይናቸው በመጨረሻ የታየው መቼ ነው? የዓይን ሞራ ደረጃን ይሸፍናል። አንጓቸው የተሰበረው ቆመው ወድቀው ስለሆነ፣ አጥንታቸው የሳሳ መሆኑንም ሐኪም ቢያይ ጥሩ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በዓመት 684 ሺህ ያህል ሰዎች በመውደቅ ምክንያት እንደሚሞቱ ይገምታል፤ ከሁሉም በላይ የሚጎዱት አረጋውያን ናቸው። ይህን የጻፍኩልሽ ላስደነግጥሽ አይደለም። «እርጅና ነው፣ ምን ይደረጋል» ለሚልሽ ሰው የምትመልሽው እንዲኖርሽ ነው። ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች መግቢያ እንዲኖራቸው በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ደንግጎ ነበር፤ የእናታችንን ሳሎን በር ግን ራሳችን ካላሰብንበት የሚያስብልን የለም።

ወንድምሽን አትቀየሚው። ሩቅ ያለ ልጅ ፍርሃቱን የሚያስታግሰው ገንዘብ በመላክና በማዘዝ ነው፤ ሌላ መንገድ የለውም። ኮምቦልቻ መውሰዱም ክፉ ሐሳብ አይደለም፤ ግን እናትሽ እዚያ ማንን ያውቃሉ? ቡና ማን ይጠራቸዋል? ይህንን አንስተሽ ተወያዩበት። ለጊዜው ልኬቶቹን፣ የሲሚንቶውንና የብረቱን ዝርዝር ላኪለትና መደገፊያውን የእሱ ድርሻ አድርጊው። እናቱ በየቀኑ የሚጨብጡት ነገር ይሆናል።

እናትሽ ከሠርግ የሚመለሱበትን ቀን ወንድምሽ ይወቀው። ፀሐይ ሳለ፣ የራሳቸውን ጫማ አድርገው፣ እጃቸው ባዶ ሆኖ፣ መደገፊያውን ይዘው ሦስት አራት ጊዜ ይግቡ ይውጡ፤ እግራቸው አዲሱን በር ይማረው። አንቺ በጎናቸው ሁኚ እንጂ አትጎትቺያቸው። ቀጥሎ ጎረቤታችሁ ይጠሩ። ቡናው ሳሎን ውስጥ ይፈላ። ስልኩን ለእናትሽ ስጪያቸውና ጅዳ ላለው ልጃቸው በሩን እርሳቸው ያሳዩት።